የግቢው አምላክ ከግቢ ሲወጣ

አባ ኮረቦስ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ያን ቀን ማለዳ ግን እንዳያመልጡን የምንሮጠው እኛ ነበርን። ከመንደራችን ከስፌቶስ የተነሣነው ዶሮ ሲጮህ ነው። የሂሜቶስን ተራራ ግርጌ ይዘን ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ጎሕ ቀደደ። ከፊት የሽማግሌው በትር ኮረቱን ቋ ቋ ያደርጋል፤ ልጃቸው ፌዲሞስ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል፤ እኔ መካከል ነኝ። ከሁላችን ኋላ ከሰል ነጋዴው ሚኮን አህያውን እየነዳ ለብቻው ያወራል። መካከል የሆንኩት በፈቃዴ አይደለም። አባትና ልጅ ከተኳረፉ አሥር ወር ሊሞላቸው ነው፤ ጎረቤታቸው በመሆኔ ቃል የሚመላለሰው በኔ ነው።

«አንድሮን፣» አሉኝ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። እሾህ አለ፤ በግራ ይለፍ።»

ፌዲሞስ ሰምቷል። ሆኖም እኔ እስክደግምለት ቆሞ ጠበቀ። ስደግምለት በግራ አለፈና፣ አማልክት ይስጡልኝ በልልኝ አለ። አልኩለት። ሽማግሌው «እምም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የምንሄደው ወደ አቴና፣ ወደ አምስት መቶው ሸንጎ ነው። በዚያ ዓመት ዕጣ ሲጣል ከመንደራችን ነጭ ባቄላ ከወጣላቸው አንዱ ፌዲሞስ ነበር። ባቄላ ሀብታሙን ከድሃው፣ ርቱዑን ከተብታባው አይለይም፤ ዕጣ ደግሞ እኛ ዘንድ የአማልክት ድምፅ ነው። ኮምጣጤ ሠሪው ፌዲሞስ ለአንድ ዓመት የአደስ አክሊል ደፍቶ ከአምስት መቶዎቹ ጋር ሊቀመጥ፣ ለሕዝቡ ጉባኤ የሚቀርበውን ጉዳይ ሊያሰናዳ፣ የመርከቦቹን ሥራ ሊቆጣጠር ነው። ከመማሉ በፊት ግን ተሰናባቹ ሸንጎ ይመረምረዋል። ምን ተምረሃል፣ ንግግር ትችላለህ ወይ የሚል የለም። አባትህ ማን ነው፣ የእናትህ አባት ማን ነው፣ የቤተሰብህ መቃብር የት ነው፣ የአባቶች አፖሎና የግቢው ዜውስ አሉህ ወይ፣ ወላጆችህን በደንብ ትይዛለህ ወይ፤ ጥያቄው ይኸው ነው። አባቱን መያዝ ያቃተው ከተማ እንዴት ይይዛል ነው ነገሩ። በመጨረሻ አዋጅ ነጋሪው ይነሣና፣ ይህን ሰው ልክሰስ የሚል አለ ወይ ብሎ ይጠራል። ማንኛውም ዜጋ መነሣት ይችላል።

ክሱ ከጸና ጣጣው ወንበር ማጣት ብቻ አይደለም። አባቱን የበደለ ሰው በሕጋችን በጉባኤ አይናገርም፣ ከዳኞች ጋር አይቀመጥም፤ በገዛ አገሩ እንደ መጻተኛ አፉን ይዞ ይኖራል። አባ ኮረቦስ ደግሞ ከወር በፊት ምንጩ ዳር፣ መንደርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ አዋጅ ነጋሪው የጠራ ቀን እነሣለሁ ብለው ነበር። ተነሥተው ምን እንደሚሉ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሁሉም ያወቀ መስሎት።

የስፌቶስ ሰው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በኮምጣጤውና በምላሱ። ጠቡን ያመጣው ኮምጣጤው ነው። ባለፈው ዓመት የወይን ለቀማ ሰሞን አባ ኮረቦስ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘው ቶሪኮስ ወደ ተዳረችው ልጃቸው ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት ፌዲሞስ ከወደብ ነጋዴዎች ትልቅ ትእዛዝ አገኘ፤ ሃያ ጋን ኮምጣጤ። ግቢው ጠባብ ነው። መካከሉ ላይ ደግሞ የግቢው ዜውስ መሠዊያ አለ፤ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ድንጋይ። ፌዲሞስ መጣና ለአሥር ቀን ብቻ ከግንቡ ውጭ ከበለሱ ሥር እናኑረው፣ ጋኖቹ ሲወጡ እንመልሰዋለን አለኝ።

እኔ በየወሩ መባቻ ደጄ ላይ ለቆመው የሄርሜስ ምስል የማር ቂጣ የማላጓድል፣ ወይን ስጠጣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ሳላፈስ የማልቀምስ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ የድንጋዩን ግራ ጎን የያዝኩት እኔው ነኝ። ስሙ የግቢው የሆነውን አምላክ ከግቢው አውጥተን ለጎረቤት ፍየሎች መታከኪያ ስናደርግ ልባችን የት እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን ጣልን። ጋኖቹ ሲወጡ ሌሎች ጋኖች ገቡ፤ አሥሩ ቀን አሥር ወር ሆነ።

አባ ኮረቦስ ከቶሪኮስ ተመልሰው፣ በሰላም ስለገቡ ወይን ሊያፈሱ ወደ መሠዊያቸው ሲሄዱ ጋን አገኙ። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበሉት ለብቻቸው ሆነ፤ ልጃቸውም «ያ ሰውዬ» ሆነ።

ፀሐይ ስትሞቅ አንዲት ምንጭ ዳር አረፍን። ሽማግሌው ከስልቻቸው የገብስ ቂጣና የፍየል አይብ አውጥተው ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ። ለኔ መስሎኝ ልጎርስ ስል፣ ለዚያ ሰውዬ ነው፣ ኋላ ሸንጎው ፊት በረኃብ ቢወድቅ የምታማው እኔ ነኝ አሉኝ። ፌዲሞስ ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ በላ።

ሚኮን ምስክርነቱን ከመንደር ጀምሮ ሲያጠና ነው የመጣው። ፌዲሞስን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ የግቢው ዜውስ በግቢው መካከል ቆሟል፤ ጢሱ እኔ ቤት ድረስ ይታያል። ይህን መቶ ጊዜ ብሎታል፤ አህያዋም ሳታውቀው አትቀርም። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝና እንደሱ እንድል ያባብለኝ ጀመር። ድንጋይ ለማየት ሰው የሚልክ ሸንጎ የለም አለኝ። ደግሞስ ከግቢው የራቀው አሥር እርምጃ ነው፣ በመካከል ያለው አንድ ግንብ ነው፣ ለዜውስ ግንብ ምኑ ነው ብሎ ተፈላሰፈብኝ። ተነሥቼ ከምንጩ ውኃ ጠጣሁ። በሆዴ ግን ተጨንቄ ነበር። እውነቱን ብናገር ጎረቤቴን አጠፋለሁ፤ ሐሰት ብምል በማን ስም እንደምምል አውቃለሁ።

ከተማው በር ስንደርስ ፌዲሞስን ለብቻው ያዝኩትና ሲጠይቁህ ምን ትላለህ አልኩት። አቧራውን ከመጎናጸፊያው አራገፈ።

«አላውቅም፣ አንድሮን። አባቴ የሚሉትን ባውቅ ኖሮ እኔም የምለውን አውቅ ነበር።»

ሚኮን ከሰሉን ገበያው ውስጥ ለአንድ ዓሣ ጠባሽ አራገፈና ወደ ሸንጎው ቤት ገባን። በአግዳሚዎቹ ላይ አምስት መቶ ባይሞላም ብዙ ሰው ተቀምጧል። የዕለቱ ሰብሳቢ ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ የቀረበት ሸክላ ሠሪ ነበር። የከተማዋ ማኅተም ለዚያች አንድ ቀን በአንገቱ ተንጠልጥሏል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዕጣው ለሌላ ይወጣል፣ እሱም ይህን ማኅተም በዕድሜው ዳግመኛ አይዝም። በየአፍታው ይዳስሰዋል። መግቢያው ላይ ባለው መሠዊያ እጄን ጫንኩና ለፌዲሞስ ለመንኩ፤ ለራሴም።

ከኛ በፊት አንድ ግዙፍ ሰው ተመረመረ። የዘመተባቸውን ጦርነቶች እንደ ዘፈን ዘረዘረ፤ የእናትህ አባት ማን ነው ሲሉት ግን ላብ አጠመቀው። የጠራቸው ምስክሮችም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ ከኋላ አጎቱ ስሙን ጮኸለት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ሰውየውም አለፈ።

ፌዲሞስ ተጠራ። አባቱን፣ አያቱን፣ እናቱን፣ የእናቱን አባት በየመንደራቸው ጠራ። መቃብራቸው ከመንደሩ በስተምሥራቅ፣ ከወይራው አጠገብ ነው አለ። ግብሩን ከፍሏል፣ ዘምቷል። ድምፁ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው የግቢው ዜውስ አለህ ወይ፣ የትስ ነው አለው።

«አለኝ» አለ ፌዲሞስ። «ከቤቱ ጀርባ ነው።»

ፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ እጁ የሻከረ ገበሬ አንገቱን አስግጎ፣ ከግንቡ ውስጥ ነው ከግንቡ ውጭ ብሎ ጠየቀ። ገበሬን እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። ፌዲሞስ ወደኛ ወደ ምስክሮቹ አላየም። ያየው ወደ በሩ፣ አባቱ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ቆሙበት ነበር።

«ውጭ ነው» አለ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ። የኮምጣጤ ጋን ላስቀምጥበት ብዬ።»

ቤቱ አጉረመረመ። አንዱ፣ ኮምጣጤውስ እንዴት ነው ቢል ሳቁ፤ ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። ምስክሮችህን ጥራ አለው።

መጀመሪያ ሚኮን ወጣ። ምስኪን፣ አንድ ጊዜ የተጠና ነገር እንደ ቁልቁለት ድንጋይ ነው፤ መሐል መንገድ ላይ አይቆምም። ፌዲሞስን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ የግቢው ዜውስ በግቢው መካከል ቆሟል፤ ጢሱ እኔ ቤት ድረስ ይታያል ብሎ ቁጭ አደረገው።

«ወዳጄ፣» አለው ሰብሳቢው፣ «ሰውየው ራሱ ውጭ ነው አለ እኮ።»

ሚኮን ወደ ፌዲሞስ አየ፣ ወደኔ አየ፣ መሬት አየ። «እሱ ተሳስቶ ይሆናል» አለ።

ሰዎቹ አግዳሚውን እየመቱ ሲስቁ እኔ ተጠራሁ። ድንጋዩ ከግንቡ ውጭ እንደሆነ፣ ግራ ጎኑን ይዤ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። በየወሩ መባቻ ይቅርታ እለምነዋለሁ፣ አንሥቼ ግን አልመለስኩትም፤ ይህ የኔ ድርሻ ነው አልኩ። ስለ አባቱ አያያዝ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው። ምግብ በየቀኑ በምራታቸው እጅ ይሄድላቸዋል፤ ክረምት ሲገባ አዲስ መጎናጸፊያ ተገዝቶላቸዋል፤ በጠና የታመሙ ጊዜ ፌዲሞስ ሌት ተቀን ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ግባ ስላላሉት ሳይገባ። ይነጋገራሉ ወይ አሉኝ። በኔ በኩል አዎ አልኩ። ዝም ያለው ማን ነው አሉኝ። አባትየው ናቸው አልኩ፤ ስለው ጀርባዬ ላይ ዓይናቸው ተሰማኝ።

አዋጅ ነጋሪው ተነሣ። ፌዲሞስን ልክሰስ የሚል አለ? አንድ ጊዜ ጠራ፣ ዝም። ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛው ከአፉ ሳይወጣ የበትር ድምፅ ከበሩ ተነሥቶ ወደ መካከል መጣ። ፌዲሞስ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰብሳቢው፣ አባቴ፣ ማን ነዎት አላቸው። ኮረቦስ እባላለሁ፣ የስፌቶስ ሰው ነኝ፣ የሱ አባት ነኝ አሉ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

«ፋርሶች አገሩን ያቃጠሉ ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነበር» አሉ። «በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ቀዝፌያለሁ። ስንመለስ ስፌቶስ አመድ ሆኗል። አጥር የለም፣ በር የለም፣ የቱ የማን ቤት እንደሆነ የሚለይ የለም። አባቴ አመዱን በእግራቸው እየጠረጉ ሲዞሩ ያን ድንጋይ አገኙት። እጃቸውን ጫኑበትና፣ ‹ገብተናል፣ ይኸው ቤታችን› አሉ። ግንቡን ከሱ ለክተን ነው የሠራነው። ይህ ሰውዬ ሳይጠይቀኝ አወጣው። አልሞትኩም እኮ፤ ቶሪኮስ ነበርኩ።»

ከአግዳሚዎቹ ጥቂት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እነሱም በአመድ ውስጥ ቤት ፈልገው ያውቁ ይሆናል። ሰብሳቢው ማኅተሙን ዳሰሰና በሕጉ መሠረት መጠየቅ ጀመረ። ምግብ ከልክሎዎታል? አልከለከለኝም፤ ይልካል። መኝታስ? አልጋዬ ከሱ ይሻላል። መትቶዎት፣ ሰድቦዎት ያውቃል?

«እሱ?» አሉ አባ ኮረቦስ። «ኮምጣጤ ሻጭ ነው እንጂ እብድ አይደለም።»

«እንግዲያ ክሱ ምንድን ነው?»

«አይሰማኝም።»

«ታዲያ ምን እናድርግልዎት? እንጣለው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ይህን ቃል ማን እንዳመጣው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ማን ጣሉት አላችሁ? ባቄላው እኮ ለሱ ነው የወጣው፣ እናንተ አላወጣችሁትም። አባት ለብቻው ሲናገር ልጅ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስሳል። አምስት መቶ ሰው ፊት ሲነገረው ግን ጆሮውን ወዴት ይወስደዋል? ይህ ቤት ማንም ዜጋ ቅሬታውን እንዲናገርበት አይደል የቆመው? ግማሽ ቀን በእግሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ሰብሳቢው አፉን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሸክላ ሲያበጅ እንደሚያደርገው ሳይሆን አይቀርም፣ እንዲህ አላቸው።

«አባቴ፣ ጎረቤትዎ የመሰከሩት ግን ዝም ያሉት እርስዎ እንደሆኑ ነው። አሥር ወር ሙሉ ያልተነገረውን እንዴት ይስማ?»

አባ ኮረቦስ አሰቡ። በትራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በዚያ ቤት ስንት ተናጋሪ፣ ስንት ጮሌ እንዳለፈ እሰማ ነበር፤ ያን ያህል ዝም ብሎ ያሰበ ሰው ግን እዚያ ውስጥ የታየ አይመስለኝም።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በዚያ በኩል አላሰብኩትም።»

ያን ጊዜ የተነሣው ሳቅ ከቅድሙ የተለየ ነበር፤ ማንንም አያቆስልም። ፌዲሞስ መልስ እንዲሰጥ ሲፈቀድለት ጥቂት ነው የተናገረው። አባቴ ልክ ናቸው፤ ባወጣሁት ማግስት ስህተቴን አውቄው ነበር፣ ጋኖቹን ግን ሞልቻቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ኀፍረት ያዘኝ አለ። ወንበሩን ለተተኪዬ ብትሰጡትም አልከፋም፤ ድንጋዩን ግን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ አለ። ክሱ ይጸናል ወይ ብለው አባቱን ጠየቋቸው። የልቤን ተናግሬያለሁ፣ እሱም ሰምቷል፣ ክስ የምትሉትን አንሡት አሉ።

እጅ ይነሣ ተባለ። የእጅ ደን ቆመ። ያ ፊተኛ አግዳሚ ላይ የነበረው ገበሬ ብቻ ክንዱን አጣጥፎ ቀርቶ ነበር፤ አባ ኮረቦስ አፍጠው ሲያዩት እሱም አነሣ። አዋጅ ነጋሪው፣ የስፌቶሱ ፌዲሞስ አልፏል ብሎ ጮኸ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ በአንዴ አልኩ፤ ቅደም ተከተሉንም አልጠበቅኩም።

ስንመለስ ሽማግሌውን ባዶዋ አህያ ላይ አወጣናቸው። ፌዲሞስ ልጓሟን ይዞ ከጎናቸው ይሄዳል፤ አባቱ ስለ ወደቡ፣ ስለ ስንዴው መርከብ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ የሚያርፍበት ድንጋይ በገበያው ስለ አለመኖሩ ያወሩለታል። የዓመቱ ሸንጎ ሥራ መንገድ ላይ ሳያልቅ አይቀርም። እኔና ሚኮን ከኋላ ቀርተን ሽንኩርትና የጨው ዓሣ እየተካፈልን ሄድን። ሚኮን እስከ መንደር ድረስ፣ ለመሆኑ መሳሳቴን እንዴት አወቁብኝ እያለ ይገረም ነበር።

ቤት የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መጀመሪያ ከግቢው መካከል አራት ጋን አነሣን፤ አንዱ ተንሸራቶ ሚኮንን እስከ ጉልበቱ ኮምጣጤ አለበሰው። ከዚያ ወደ በለሱ ሥር ሄድን። ፌዲሞስ ቀኙን ያዘ፣ እኔ ግራውን። ስናወጣው እንደዚያ ከብዶ አልነበረም፤ በበሩ ስናስገባው ወገቤ ጮኸ። አባ ኮረቦስ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ከፊታችን ወደ ኋላቸው ይሄዳሉ፤ የጥንቱ ቦታው ላይ ስናሳርፈው እጃቸውን ጫኑበት። እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ምራታቸው ወይን አመጣች። ሽማግሌው ጽዋውን ተቀብለው ሊያፈሱ ካዘነበሉ በኋላ ቀና አሉና ለልጃቸው ዘረጉለት።

«አንተ አፍስስ፣ ፌዲሞስ። ለአገሩ የምትለምነው ዘንድሮ አንተ ነህ።»

ፌዲሞስ በሁለት እጁ ተቀበለ። ምን ብሎ እንደለመነ አልሰማሁም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ወይኑ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ፈሰሰ፣ በአንድ በኩል ብቻ ወረደ። አባ ኮረቦስ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ።

«ትንሽ ወደ ግራ ዘሟል» አሉ።

ፌዲሞስ ጽዋውን አስቀመጠ። እንደገና አነሣነው።